ሚያዝያ 23 ስራ ገብታ የዋለች ልጅና የደመወዝ ስሊፗ፦ ካፒታሊዝም ይሻላል ሶሻሊዝም?

ሰላም ቤተሰብ፣ ባለፈው ፌስቡክ ላይ የለጠፍኩት ክር (ፖስቱ ከነመልሶቹ) ተቆልፏል፣ የስሊፑን ፎቶም አውርጄዋለሁ (ለምን እንዳወረድኩት ታች ትደርሱበታላችሁ)። ግን ብዙ ሰው በኢንቦክስ ምን ተባለ እያለ ስለጨቀጨቀኝ ከላይ እስከታች ምን እንደተባለ ልንገራችሁ። ቃል በቃል አልገለብጥም፣ ስምም አልጠራም።

መነሻው ፖስት የኔ ነበር። የአክስቴ ልጅ እዚሁ አዳማ አንድ ልብስ ፋብሪካ ትሰራለች፣ የፋብሪካው ስም ይቅር። ኮሌታ ነው የምትሰፋው፣ ቀኑን ሙሉ ኮሌታ፣ እጅጌው ጋ ማን እንደሚደርስ እንኳ አታውቅም። መቀመጫዋ መደገፊያ የለውም፣ ስለዚህ አሮጌ ነጠላ አጣጥፋ ወገቧን ጥፍር አድርጋ ታስርና ትቀመጣለች። ደመወዟ 3,120 ብር። ሚያዝያ 23 የሰራተኞች ቀን ተብሎ ቢሮው ሁሉ ሲዘጋ እሷ ታርጌት አልሞላም ተብሎ ገብታ ዋለች። ወሩ ሲያልቅ ስሊፗን አሳየችኝ። ትርፍ ሰዓት የሚለው ጋ 300 ብር፣ የበዓል የሚለው ጋ ባዶ፣ ሰረዝ እንኳ አላደረጉበትም።

ይሄን ስሊፕ ቡና ላይ አውጥተን ቤት ውስጥ ጦርነት ተነሳ። አባቴ በደርግ ጊዜ ቢሆን ማንም አይደፍራትም አለ። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ በደርግ ጊዜ ቢሆን መጀመሪያ ፋብሪካውም የለም አለ። እኔ መሃል ቁጭ ብዬ ቡናዬ ቀዘቀዘ። እና ስሊፑን ስሟን ሸፍኜ ለጠፍኩና ጠየቅኩ፣ ለሰራተኛ የሚበጀው የቱ ነው? ስድብ የለም ብዬም ጨመርኩበት፣ ሞኝ ነኝ።

1ኛ መልስ

ጨዋ ሰው ነው የጀመረው። መጀመሪያ ለልጅቷ እግዜር ያበርታት ብሎ፣ ከዚያ ሁለቱ ቃላት በጣም ትልልቅ ስለሆኑ ከነሱ በፊት የጽሁፍ ውል አላት ወይ ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነበር፣ ማንም ግን ዞር ብሎ አላየውም፣ እኔም ጭምር።

2ኛ መልስ

ይሄ ልጅ ከማርክስ ገባ። ነገሩን በኮሌታ ነው ያስረዳው፣ እሱን ወድጄለታለሁ። ጠዋት የምትሰፋቸው ጥቂት ኮሌታዎች የራሷን የቀን ደመወዝ ይሸፍናሉ፣ ከዚያ በኋላ እስከ ማታ የምትሰፋው ሁሉ ለባለቤቱ ነው፣ ትርፍ እሴት ማለት እሱ ነው፣ ስለዚህ የበዓሉ ረድፍ ባዶ መሆኑ ስህተት ሳይሆን አሰራሩ ነው አለ። እስከዚህ ደህና ነበር። ከዚያ ግን በዝባዥ፣ ከበርቴ፣ አቆርቋዥ፣ ወዝአደር እያለ ወረደበት። ልጁ እኮ ከፕሮፋይሉ እንዳየሁት ደርግ ሲወድቅ ገና አልተወለደም፣ እነዚህን ቃላት ከየት ቆፍሮ እንዳወጣቸው አላውቅም።

3ኛ መልስ

ዳቦ ቤት ያለው ሰውዬ፣ ፍራንኮ አካባቢ። ሲጀምር ትሁት ነበር። ዘጠኝ ሰራተኛ አለኝ፣ እኔም ራሴ ዱቄት ተሸክሜ ነው የጀመርኩት አለ። ሌሊት ሊጡ ተነስቶ መብራት ሲጠፋ ያለውን ነገር ዘርዝሮ ጻፈው፣ ሊጡ ከእቃው ተርፎ እየፈሰሰ ባትሪ በአፉ ነክሶ ጄኔሬተር ሲያስነሳ፣ ናፍጣ ፍለጋ ሲሮጥ። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ የማቡኪያው ማሽን መለዋወጫ ዋጋ እጥፍ ሆኖ ጠበቀው። እና ነጥቡ ምንድነው፣ እዚህ ሀገር ካፒታሊዝም መቼ ኖሮ ያውቃል ነው የሚለው። መሬቱ በህገ መንግስት የመንግስትና የህዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም፣ እኔ በሊዝ የያዝኩት ሰው ነኝ፣ መብራቱ የመንግስት፣ ታዲያ የሌለውን ነገር ምን ብላችሁ ትከሱታላችሁ?

ግማሹ እውነት ነው። ግን ስለዘጠኙ ሰራተኞች ደመወዝ አንድ መስመር አልጻፈም፣ ይቺን ያዙልኝ።

4ኛ እና 5ኛ መልስ

ከጀርመን የሚጽፍ ወንድማችን፣ እዚያ ሰራተኛው የኩባንያው ቦርድ ውስጥ እኩል ወንበር አለው፣ ካፒታሊዝምም ሶሻሊዝምም ሳይባል ተስማምተው ይኖራሉ አለ። ወዲያው አንዷ አረመችው። እኩል ወንበር የሚባለው በ1976 እ.ኤ.አ. በወጣው ህግ ከ2,000 ሰራተኛ በላይ ላላቸው ድርጅቶች ነው፣ እሱም ተቆጣጣሪ ቦርዱ ላይ፣ ድምጽ እኩል ለእኩል ሲሆን ደግሞ የሰብሳቢው ድምጽ ሁለት ይሆናል፣ ሰብሳቢው ብዙውን ጊዜ የባለአክሲዮኖቹ ሰው ነው። ወንድማችን ይቅርታ ጠይቆ አመሰገነ። በዚህ ክር ውስጥ ይቅርታ የጠየቀ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሰው እሱ ነው።

6ኛ መልስ

ሚያዝያ 23 የሞስኮ በዓል ነው፣ የግል ፋብሪካ ለኮሚኒስት በዓል ለምን ይከፍላል ያለ ጀግና መጣ።

7ኛ መልስ

በዓሉ መነሻው ሞስኮ ሳይሆን አሜሪካ ቺካጎ ነው፣ በ1886 እ.ኤ.አ. ሜይ መባቻ ላይ የቀን ስራ ስምንት ሰዓት ይሁን ብለው አድማ የመቱ ሰራተኞች መታሰቢያ ነው፣ ይሄን ሳታውቅ ስምንት ሰዓት ሰርተህ ቤትህ የምትገባው በነሱ ነው ብሎ መለሰለት። 6ኛው ሰውዬ ሳቅ ኢሞጂ ጥሎ ጠፋ።

8ኛ መልስ

እዚህ ጋ ረጋ በሉልኝ። ጋሼ ብዬ የምጠራቸው ሰው ናቸው፣ ወንጂ ካምፕ ተወልደው ወንጂ ጡረታ የወጡ። አባታቸው ከከምባታ አገዳ ቆረጣ መጥተው በዚያው የቀሩ ናቸው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ስራ የጀመረው በ1946 ነው፣ ባለቤቱ ኤች ቪ ኤ የሚባል የሆላንድ ኩባንያ፣ እሱም ቀድሞ ኢንዶኔዥያ ላይ ስኳር ያመርት የነበረ፣ እዚያ ነጻነት ሲመጣ ወደኛ አዋሽ ዳር የዞረ።

ጋሼ አባታቸው ከስራ ሲመለሱ የነበረውን ነው የጻፉት። አገዳው ከመቆረጡ በፊት ይቃጠላል፣ ስለዚህ ቆራጩ ገጀራውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሲመጣ ከራስ ጸጉሩ እስከ እግሩ ጥላሸት ነው፣ ልጆቹ አባታቸውን የሚለዩት በአካሄዱ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ሲስቅ ጥርሱ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ የወንጂ ሰው ግን ጥርሱም ቡናማ ነው፣ የጉድጓዱ ውኃ ፍሎራይድ ስላለበት። ጥርስ ብቻ ቢሆን ደህና፣ አጥንት ውስጥ ገብቶ ወገብና አንገት አድርቆ ያስቀረው ሰራተኛ ብዙ ነው። ኋላ ላይ ማጣሪያ ተተከለ፣ የደረቀው ወገብ ግን አልተመለሰም፣ የሳቸው አባት የሞቱት ሰው ሲጠራቸው አንገታቸውን ማዞር አቅቷቸው በሙሉ ሰውነታቸው እየዞሩ ነው።

ጥር 1967 ፋብሪካው ተወረሰ። በዚያ ወር ደርግ 72 ድርጅት ጠቅልሎ፣ 29 ደግሞ አብላጫውን ድርሻ ይዞ ወደ መንግስት አዞረ፣ ወንጂም ከተወረሱት ነው። ጨፈርን አሉ ጋሼ። በማግስቱ ጡሩምባው በዚያው ሰዓት ነፋ፣ ገጀራውም ያው ገጀራ ነው። የተለወጠውን ሲነግሩን፣ ማንም ከስራ አይባረርም ነበር፣ ልጅ ተምሮ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፣ ሀኪም ቤቱ አለ፣ ይሄን አልክድም አሉ። ግን ለእናት ሀገር ጥሪ እየተባለ ከደመወዝ ይቆረጣል፣ ስኳር ፋብሪካ እየሰሩ ስኳር በቀበሌ ራሽን ተሰልፈው ነው የሚገዙት። ከሁሉ የባሰባቸው ግን አንድ ስብሰባ ነው። ስለ ደመወዝ ጥያቄ ያነሳውን ሰው ካድሬው ፋብሪካው ያንተ ነው፣ ማንን ነው የምትከሰው፣ ራስህን ነው? ብሎ አስቀመጠው። ጋሼ ያኔ ነው የገባኝ ይላሉ። ሆላንዱን ቢያንስ ሆላንድ ብለን እንቃወመው ነበር።

እኔ ይሄን ሳነብ አባቴን ጠርቼ ስልኩን ሰጠሁት። አንብቦ መነጽሩን አውልቆ ዝም አለ፣ ከዚያ ለማንኛውም አይደፍሯትም ነበር አለና ወጣ።

9ኛ፣ 10ኛ እና 11ኛ መልስ

ክሩ ስኳር ሆነ። አንዱ ወንጂ አጠገባችን ሆኖ አዳማ ላይ ስኳር ለምን ይወደዳል አለ፣ ሌላው የወንጂ ስኳር እግር ኳስ ቡድንን አስታውሶ በልጅነቱ አጥር ዘሎ የገባበትን ጨዋታ ሙሉውን ተረከ (አምስት ፓራግራፍ፣ ውጤቱን ረስቶታል)፣ ሶስተኛዋ የራሷም ጥርስ ቡናማ እንደሆነና ተማሪ ቤት ፎቶ ሲነሱ አፏን ገጥማ እንደምትነሳ ጻፈች። ከርዕስ ወጣ ብዬ ላስቆማቸው ነበር፣ የሷን ሳነብ ተውኩት።

12ኛ መልስ

እዚህ ጋ ነው የተበላሸው። አንድ ስም የለሽ አካውንት ጋሼን የደርግ ናፋቂ፣ ያረጀ ካድሬ ብሎ ሰደባቸው። ሰውየው የጻፉትን ጨርሶ ቢያነብ ኖሮ የተገላቢጦሹን እንዳሉ ይገባው ነበር።

13ኛ መልስ

ጋሼ ራሳቸው መለሱለት፣ ልጄ እያሉ። የሰራተኛ ማህበራት ኮንፌዴሬሽን በ1955 ሲቋቋም ወንጂዎች ከቀዳሚዎቹ ነበሩ፣ በ1968 መጀመሪያ ያው ኮንፌዴሬሽን ደርግን ስለተቃወመ መሪዎቹ ሲታሰሩና አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ ያየሁ ሰው ነኝ፣ ማህበሩ ፈርሶ በምትኩ መንግስት የሚያዘው ሌላ ተተከለ፣ ስለዚህ ካድሬ ስትለኝ ትንሽ አጣራ አሉት። ቀጥለው ለ2ኛው ልጅም አንድ ነገር ጣል አደረጉ። ወዝ ሊግ የሚባል ድርጅት ነበር፣ ላብአደር የሚሉም ነበሩ፣ ሰራተኛው ወዝአደር ይባል ላብአደር በሚለው የተጨቃጨቁ ወጣቶች ብዙዎቹ ሰላሳ አልደፈኑም፣ ቃሉን ስትጠቀምበት ቀስ በል። ልጁ ላይክ አደረገላቸው፣ አልመለሰም።

14ኛ መልስ

ያገለገለ ሲንጀር ማሽን የሚፈልግ ኢንቦክስ። እግር ያለው፣ ዋጋ በድርድር። (አራት ሰው ዋጋውን ጠየቀ፣ ከማርክስ የበለጠ ሪአክሽን ያገኘ ፖስት ነው።)

15ኛ መልስ

ከሐዋሳ የጻፈች ልጅ። ከሶዶ መጥታ በ2008 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ገብታ ሰርታለች፣ አንድ ክፍል ለአራት ተከራይተው፣ ፍራሹን ተራ በተራ፣ የማታ ሺፍት ያለችው ስትነሳ የቀን ሺፍት የነበረችው ትተኛበታለች። በ2019 እ.ኤ.አ. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ማዕከል ያወጣው ጥናት የኢትዮጵያ ልብስ ሰፊዎች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነው፣ ከዓለም ዝቅተኛው ማለቱን አስታውሳ፣ እኛ ያንን ጥናት ሳናነብ ነው የምናውቀው አለች። የመጣችበት ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ከ2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች፣ ከቀረጥ ነጻ መግባት ቀረ፣ ትእዛዝ ቀነሰ፣ እሷም ከተቀነሱት አንዷ ሆነች። ማነው የቀነሰኝ ትላለች። ባለፋብሪካው ትእዛዝ የለኝም አለ፣ ገዢው ቀረጥ መጣብኝ አለ፣ ቀረጡን የጣለው በጦርነቱ ምክንያት ነው አለ፣ ጦርነቱን እኔ አላስነሳሁም። ሶሻሊዝም ብታመጡልኝስ፣ ሸሚዙን የሚገዛው ሰው ያለው ውቅያኖስ ማዶ ከሆነ ምን ታደርጉልኛላችሁ ብላ ጠየቀች።

2ኛው ልጅ ለሁሉም ሲመልስ ነበር፣ ለዚህች አልመለሰም። ማንም አልመለሰም፣ ለግማሽ ቀን ክሩ ዝም አለ።

16ኛ መልስ

ዝምታውን የሰበረችው አካውንታንት ናት። ኢዝም የምትሉትን ተዉትና ስሊፑን አይታችሁታል ወይ አለች። 3,120 ለ26 ቀን፣ ለስምንት ሰዓት፣ ይካፈል ለ208፣ በሰዓት ልክ 15 ብር። እኔ መነሻው ፖስት ላይ ልጅቷ በወሩ 20 ትርፍ ሰዓት ሰርታለች ብዬ ነበር፣ 300 ብር ማለት 15 በ20 ነው፣ ማለትም ትርፍ ሰዓቱን በመደበኛ ሰዓት ዋጋ ነው የከፈሏት፣ ምንም ጭማሪ የለም። ህጉ ደግሞ ለቀን ትርፍ ሰዓት የመደበኛውን 1.25 እጥፍ ነው የሚለው፣ ስለዚህ 375 መሆን ነበረበት።

17ኛ መልስ

የህግ ሰው ነኝ ያለ አንዱ፣ ሂሳብሽ ልክ ነው ህግሽ አሮጌ ነው አላት። 1.25 የድሮው አዋጅ 377/96 ነው። አሁን ባለው የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው ትርፍ ሰዓት በ1.5 ነው፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ የሳምንት እረፍት ቀን በ2፣ የበዓል ቀን በ2.5። በዓል ላይ መደበኛውን ስምንት ሰዓት ብቻ ብትሰራም ከእጥፍ አያንስም። እና 20 ሰዓት በ22.50 ብር 450፣ የሚያዝያ 23 ስምንት ሰዓት በ30 ብር 240፣ በድምሩ 690፣ የተሰጣት 300፣ የቀረው 390 ብር። ለሷ ደመወዝ 390 ብር ማለት ከአስር አንድ በላይ ነው።

ቀጥሎ የጻፈው ነገር ነው እኔን ያስነሳኝ። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በስድስት ወር ይርጋ ይታገዳል፣ ጥቅምት ካለፈ በኋላ ብትሄዱ ፍርድ ቤቱ ልክ ናችሁ ግን ዘግይታችኋል ይላችኋል። የስራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ የለውም። ዝቅተኛ የደመወዝ ወለልን በተመለከተ ደግሞ፣ አዋጁ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል፣ ለግሉ ዘርፍ ግን እሱ ይሄን እስከጻፈበት ጊዜ የወጣ ቁጥር አልነበረም፣ የመንግስት ሰራተኛ ትንሹ እርከን በ2017 4,760 ሲገባ የሷ 3,120 የትም አይከሰስም። ስለዚህ የደመወዟን ትንሽነት መክሰስ አትችልም፣ የተሰረቀውን 390 ግን ትችላለች።

እኔ እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ ይሄን ነው ስክሪንሹት ያደረግኩት።

18ኛ መልስ

ያዙልኝ ያልኳችሁን ነገር አንዱ ያዘው። ባለዳቦ ቤቱን፣ ወንድሜ ስለ መብራትና ስለ ሊዝ ነገርከን፣ ለዘጠኙ ሰራተኞችህ ያንተን 11 ከመቶ የጡረታ መዋጮ ትከፍላለህ ወይ፣ ዳቦ የሚጋገረው ሌሊት ነው፣ 1.75ቱስ ብሎ ጠየቀው።

19ኛ መልስ

ኧረ ሰውየው ፈነዳ። እናንተ ኢንተርኔት ላይ ነው ሰራተኛ የምትቀጥሩት፣ አንድ ቀን አንድ ኩንታል ዱቄት በራሳችሁ ብር ግዙ፣ ልጆቹ ምሳቸውንም እራታቸውንም የሚበሉት እኔ ጋ ነው፣ አንዱ ሲታመም ያሳከምኩት እኔ ነኝ፣ ብዘጋው ዘጠኙንም እናንተ ቀልቧቸው አለ። 2ኛው ልጅ ይሄን ሲጠብቅ የነበረ ይመስል ተመልሶ፣ ምሳ አበላለሁ ያለው የድሮ ባላባትም እንዲሁ ነበር የሚለው አለ። ሌላ አንድ ቀልደኛ ደግሞ ህጉ ማህበር ለማቋቋም አስር ሰራተኛ ነው የሚጠይቀው፣ ዘጠኝ ላይ የቆመው በአጋጣሚ ነው? ብሎ ጨመረበት። ከዚያ በኋላ የእናት ስም የተጠራበትም አለ፣ እሱን አልነግራችሁም።

ፍርድ ልስጥ ካላችሁኝ፣ ሰውየው ክፉ አይመስለኝም። ያሳከመውም እውነት ይመስለኛል። ግን አሳከምኩት ማለት ሲፈልግ ያሳክማል፣ ሳይፈልግ ይተዋል ማለት ነው፣ ልጁ ደግሞ ሄዶ መብቴ ነው የሚለው ወረቀት የለውም። የካምፑ ሀኪም ቤትም እንዲህ ነበር መሰለኝ፣ ጋሼን መጠየቅ ነበረብኝ።

20ኛ መልስ

አድሚኑ፣ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ።

21ኛ መልስ

ባለዳቦ ቤቱ ከሁለት ቀን በኋላ ተመለሰ። ስድብ የለም፣ ሰላምታም የለም። ለአካውንታንቷ ነው የጻፈው፣ ሊጥ የሚያቦካው ልጅ ምሽት 2 ሰዓት ገብቶ ንጋት 11 ከወጣ 1.75 የሚታሰበው ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው፣ መሃል የሚተኛበት ይቀነሳል ወይ አላት። ለመክፈል ይሁን ለመከራከር እኔ አልገባኝም። እሷ ግን በቁምነገር መለሰችለት፣ መጀመሪያ የሌሊቱ ስራ መደበኛ ሺፍቱ ነው ወይስ ከስምንት ሰዓት በላይ ያለው ነው፣ እሱን ለይተህ ንገረኝ፣ 1.75 ለትርፍ ሰዓቱ ነው ብላ፣ ኢንቦክስ ገቡ።

22ኛ መልስ

ይሄኛው የአክስቴ ልጅ ናት። ክሩን ጓደኛዋ ሺፍት ላይ አሳይታት ነው ያገኘችው። እኔን በጣም ተቆጥታኛለች፣ ወንድም ጋሼ ማለቱ ቀርቶ በስሜ ነው የጠራችኝ። ስሟን ብሸፍንም የስሊፑ ቁጥር ይታያል፣ ሱፐርቫይዘሯ ብታየው ማን እንደሆነች በአንድ ደቂቃ ያውቃል፣ አሁኑኑ አውርደው አለች። አወረድኩት፣ እዚህም ይቅርታ እጠይቃታለሁ።

ቀጥላ ደግሞ የጻፍኩትን አረመችኝ። የሰራችው 20 ሳይሆን 22 ሰዓት ነው፣ ሁለቱን ሰዓት መብራት ጠፍቶ ቁጭ ብለው የጠበቁትን አልቆጠሩላቸውም፣ ስለዚህ የቀረው 435 ብር ነው። ከሷ ጋር በአንድ መስመር የሚሰፉ ሶስት ልጆችም ስሊፓቸው እንደሷው ነው፣ የአንዷ የባሰ ነው። ውል አላት ወይ ላለው ሰው (1ኛው መልስ፣ አስታወሳችሁት?) መልሱን ራሷ ሰጠች፣ ፈርማለች፣ ኮፒ ግን አልተሰጣትም፣ ስትጠይቅ ነገ ተባለች፣ ነገው አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነው።

ስለ ካፒታሊዝምና ሶሻሊዝም ምንም አላለችም። የህግ ሰው ነኝ ያለውን ግን፣ አራቱ አብረን ብንመጣ ነው ወይስ አንድ በአንድ ብላ ጠየቀችው።

23ኛ መልስ

አብራችሁ ኑ፣ የመገኛ ሰዓት ካርዳችሁን ፎቶ አንስታችሁ ያዙ፣ ፌስቡክ ላይ ግን አትለጥፉት።

24ኛ መልስ

ፎቶው የታለ፣ ስለምን ነው የምታወሩት ያለ አንድ አዲስ ሰው። ከሱ በኋላ ተቆለፈ። ሲንጀሩ ተሽጧል፣ ለጠየቃችሁኝ።